በስንት ቁና ሰፈርክ? የሳውንድ ካርድ ኦሲሎስኮፕና መጠኑን በራሱ የሚያስተካክል መግቢያ

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መስከረም 2 ቀን 1951 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1958) አገር ቤት የእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። በዚያ ዕለት እዚህ ዳላስ ውስጥ ጃክ ኪልቢ የተባለ መሐንዲስ አለቆቹን ጠርቶ አንዲት ቁራጭ ነገር አሳያቸው። ኪልቢ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በሚባለው ኩባንያ ከተቀጠረ ገና ጥቂት ወራቱ ስለነበር፣ በጁላይ ወር ባልደረቦቹ በጅምላ ለዕረፍት ሲወጡ እሱ የዓመት ፈቃድ አልነበረውም። ላቦራቶሪ ውስጥ ቀርቶ ያውጠነጠነው ሐሳብ ነው በዚያ ዕለት ጠረጴዛ ላይ የቀረበው። ቁራጯ ከጀርማኒየም የተሠራች፣ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመትና ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስፋት ያላት፣ ሽቦዎቿ ከላይ የተንጨባረሩ፣ መልኳ እምብዛም የማያምር ነገር ነበረች። ኪልቢ ኤሌክትሪክ ሲለቅባት ግን አጠገቡ በነበረው ኦሲሎስኮፕ መስታወት ላይ አንድ የተስተካከለ ሞገድ ወጣ። ዛሬ ቺፕ የምንለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መሥራቱ የታወቀው በዚያች ሞገድ ነው። ኪልቢ በ2000 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዳላስ አረፈ።

ስለ ቺፑ ብዙ ተብሏል። ስለ ምስክሩ ግን የሚናገር የለም። ኦሲሎስኮፑ ባይኖር ኖሮ የኪልቢ ቁራጭ ሽቦ የተለጠፈባት ጠጠር ሆና ትቀር ነበር። ዛሬ ስለዚያ ምስክር እንነጋገር። በተለይም የአገራችን ተማሪና ሬዲዮ ጠጋኝ በእጁ ሊያስገባው ስለሚችለው ርካሽ ዓይነት፣ ያንን ርካሽ ምስክርም የታመነ ምስክር ስለሚያደርገው አንድ ነገር። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ የሚመስለው አንባቢ ጥቂት ይታገሰን። መንገዱ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ ያደገ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ላይ ያደርሰናል።

ቴስተርና ኦሲሎስኮፕ

ቴስተር ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለቱን ሽቦዎች ስናስነካው አንድ ቁጥር ይሰጠናል፤ 12 ቮልት ወይም 220 ቮልት ይላል። ትክክል ነው፤ ግን ቁጥር ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩ በዚያች ሰከንድ ውስጥ እንዴት እንደወጣና እንደወረደ፣ የት ላይ እንደተንቀጠቀጠ አይነግረንም። ቴስተር የሕመምተኛውን ትኩሳት እንደሚለካው ቴርሞ ሜትር ከሆነ፣ ኦሲሎስኮፕ የልብ ምቱን በወረቀት ላይ እየሳለ እንደሚያወጣው የሆስፒታል መሣሪያ ነው። የዚህ መሣሪያ አባት ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ነው፤ ቱቦውን የሠራው በ1897 እ.ኤ.አ. ማለትም ከዐድዋ ድል በኋላ በነበረው ዓመት ነው።

ችግሩ ዋጋው ነው። ለትምህርት ቤት የሚሆን ደህና ኦሲሎስኮፕ እዚህ አሜሪካ 300 ዶላርና ከዚያ በላይ ያስወጣል። አገር ቤት ሲደርስ ደግሞ የውጭ ምንዛሪው፣ ቀረጡና ማጓጓዣው ይጨመርበታል። በሠላሳና በአርባ ዶላር የሚሸጡ ትንንሽ የኪስ ዓይነቶች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን መስታወታቸው የእጅ መዳፍ የማያክል ስለሆነ 40 ተማሪ ላለበት ክፍል አይሆኑም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተውን የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ወይም የአዲስ አበባውን ተግባረ እድ የመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች ስንት ባለሙያ ለአገር እንዳፈሩ እናውቃለን። የአንድ ቴክኒክ ተማሪ ዕድል ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ መሣሪያ ጀርባ ተሰልፎ በጓደኛው ትከሻ ላይ ማየት ነው።

ኮምፒዩተር ውስጥ የተደበቀው መሣሪያ

ታዲያ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ማይክሮፎን የሚሰካበት ኮምፒዩተር ሁሉ ግማሽ ኦሲሎስኮፕ በሆዱ ይዟል። ይህም ሳውንድ ካርዱ ነው። ሳውንድ ካርድ የሚገባውን ቮልቴጅ በየሰከንዱ 48,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልኬት ከ65,536 እርከኖች በአንዱ ላይ ያስቀምጠዋል። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ምልልስ 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካርዱ 960 ጊዜ ለክቶታል ማለት ነው። ይህ እጅግ ጥርት ያለ ሥዕል ነው። ልኬቱን በመስታወቱ ላይ የሚስሉ ፕሮግራሞችም አሉ። በጀርመን የቩፐርታል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆኑት ክርስቲያን ዛይትኒትስ የሠሩት ለዊንዶውስ የሚሆን ፕሮግራም ለግልና ለትምህርት በነፃ የሚገኝ ነው፤ ሊኑክስ ለሚጠቀሙም ኤክስ-ኦስኮፕ አለ። መምህሩ ኮምፒዩተሩን ከፕሮጀክተር ጋር ካገናኘው 40ው ተማሪ ያንኑ ሞገድ በአንድ ጊዜ ያያል።

ሳውንድ ካርድ የማይችለውንም በግልጽ እናስቀምጥ። አንደኛ፣ የሚያየው ሰው በጆሮው የሚሰማውን ያህል ነው፤ ይኸውም በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ገደማ ምልልስ። የቴሌቪዥን ወይም የሞባይል ስልክ ሞገድ አያይም። ሁለተኛ፣ መግቢያው ላይ ካፓሲተር ስላለ የባትሪን ቀጥተኛ ቮልቴጅ አያሳይም፤ የሚያሳየው የሚለዋወጠውን ብቻ ነው። ሦስተኛውና ለዛሬ የመጣንበት ጉዳይ፣ የሚሸከመው መጠን እጅግ ጠባብ ነው። ብዙዎቹ ካርዶች የሚቀበሉት ከዜሮ በላይና በታች 1 ቮልት ግድም ነው። የማይክሮፎኑ መግቢያ ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ፣ በሚሊ ቮልት የሚቆጠር ነው።

ይህ ጠባብነት ሁለት ጣጣ አለው። 20 ቮልት ያለበት ቦታ ላይ ቢያስነኩት ካርዱ ሊቃጠል ይችላል፤ ባይቃጠል እንኳ ከ1 ቮልት በላይ ያለውን ሁሉ ስለሚቆርጠው ክብ የነበረው ሞገድ ጠፍጣፋ ራስ ያወጣል። ጠጋኙም የተበላሸው የያዘው ቴፕ ሬኮርደር ነው ብሎ ጤነኛ ትራንዚስተር ሊነቅል ይችላል። በሌላ በኩል ሲግናሉ እጅግ ደካማ ከሆነና የካርዱን አቅም 1 በመቶ ብቻ ከሞላ፣ ከ65,536 እርከኖች ውስጥ የሚሠሩት 655 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሞገዱ በኮምፒዩተሩ የራሱ ጫጫታ ውስጥ ይሰምጣል።

መፍትሔው ከካርዱ በፊት ትልቁን የሚያሳንስ፣ ትንሹን የሚያጎላ ነገር ማስቀመጥ ነው። በእጅ በሚዞር ማብሪያ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ተማሪው ማብሪያውን ሳያዞር ቢያስነካስ? አንድ እጁ ሽቦውን፣ ሌላው እጁ መበየጃውን ይዞ ሳለ በምኑ ያዙረው? ስለዚህ የሁሉም ምኞት አንድ ነው፤ መግቢያው የሚመጣበትን ራሱ አይቶ መጠኑን በራሱ ያስተካክል።

ምኞቱ መልካም ነው። ጣጣው ያለው በአሠራሩ ላይ ነው።

ራሱን የሚለዋውጥ ቁና

በራሱ መጠን የሚያስተካክል ነገር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ዛሬ በየኪሳችን ባለው ስልክ፣ በላፕቶፓችን ማይክሮፎን፣ በስብሰባ መቅጃው ሁሉ ውስጥ አለ። ተናጋሪው ሲጮኽ ይቀንሳል፣ ሲያንሾካሹክ ይጨምራል። በፓልቶክ ዘመን በየክፍሉ ያመሸ ሰው ውጤቱን ያስታውሰዋል። ተናጋሪው ለአፍታ ትንፋሽ ሲወስድ ከጀርባው የሕፃን ልቅሶ፣ የሳህን ኳኳታና የቴሌቪዥን ድምፅ ቀስ እያለ ያድግና ክፍሉን ይሞላዋል። ሰውየው ንግግሩን ሲቀጥል ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ይሰምጣል። ሕፃኑ ድምፁን አልጨመረም፤ መሣሪያው ነው ዝምታውን አይቶ ማጉያውን የጨመረው።

ለንግግር ይህ ጥሩ ነው። ለመለኪያ ግን መርዝ ነው። ለምን ቢባል፣ የዚህ ዓይነቱ ማስተካከያ ዓላማ የገባው ምንም ይሁን ምን የሚወጣው ተመሳሳይ እንዲሆን ማድረግ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሬዲዮ ኃይል ሰጪ ክፍል ውስጥ መብራቱን የሚያለሰልስ ትልቅ ካፓሲተር አለ። ካፓሲተሩ ጤነኛ ሲሆን በውጤቱ ላይ የሚቀረው መንቀጥቀጥ 0.1 ቮልት ነበር እንበል፤ ሲደርቅ ደግሞ 1 ቮልት ይደርሳል። ጠጋኙ ማወቅ የሚፈልገው ይህን የ10 እጥፍ ልዩነት ነው። ለንግግር በተሠራው ማስተካከያ በኩል ካየው ግን ትንሹ ተጎልቶ፣ ትልቁ ተጨቁኖ፣ ሁለቱም በመስታወቱ ላይ እኩል ሆነው ይታዩታል። የሞተውና ያለው ካፓሲተር አንድ መልክ ይዘው ይቀርባሉ።

አባቶቻችን እህል በቁና ይሰፍሩ ነበር። አንድ ሰፋሪ ለሚመጣለት ምርት ሁሉ ቁናውን እያሰፋና እያጠበበ፣ የሁሉም ገበሬ ምርት "አሥር ቁና" ሆኖ ቢያወጣው ምን እንለዋለን? ሁለት ጥማድ ያረሰውም፣ ጓሮውን ብቻ የቆፈረውም አሥር ቁና። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የተባለው ቁናው አንድ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ነው። ቁናው ራሱ ከተለዋወጠና ሰፋሪው ስንት እንዳደረገው ካልተናገረ፣ የተሰፈረው ሁሉ ወሬ ነው።

አጭር ሞገድ የሚያስተምረን

አሁን ቃል ወደገባነው ቦታ ደርሰናል። ሬዲዮን እንዲህ በራሱ እንዲያስተካክል ያደረገው አሜሪካዊው ሃሮልድ ዊለር ነው፤ ነገሩም በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ የተደረገ ነው። ከሩቅ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ሰማይ ላይ ተንጸባርቆ ስለሚደርስ ይጠነክራል፣ ይደክማል። የዊለር ዘዴ ሬዲዮኑ ሲዳከምበት እንዲያጎላ፣ ሲበረታበት እንዲቀንስ አደረገው። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ከተጀመረበት ከ1965 እ.ኤ.አ. አንሥቶ፣ የአሜሪካ ድምፅም በ1982 እ.ኤ.አ. በአማርኛ መናገር ከጀመረ ወዲህ፣ አገር ቤት በየመንደሩ ጆሮውን ከሬዲዮ ላይ ያልነቀለ ሕዝብ ስርጭቱን ተከታትሎ መስማት የቻለው በዚህ ዘዴ ጭምር ነው።

ከዚያ አፈናው መጣ። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 2010) በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ አቅሙ ሲሟላ እንዲታፈን ትእዛዝ እንደሚሰጡ በአደባባይ መናገራቸው ይታወሳል። አድማጩ ጣቢያው ላይ ሲደርስ የሚሰማው የማያቋርጥ ጩኸት ነበር።

በዚያን ጊዜ በሬዲዮኑ ሆድ ውስጥ ምን ይከናወን ነበር? አፋኙ ጩኸት በጣቢያው ሞገድ ላይ ሲጫን፣ ማስተካከያው ጋዜጠኛውን ከአፋኙ መለየት አይችልም። የሚያየው አንድ ትልቅ ጉልበት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማጉያውን ይቀንሳል። የጋዜጠኛው ድምፅም አብሮ ይወርዳል። አፋኙ ከጣቢያው 10 እጥፍ ቢበረታም 100 እጥፍ ቢበረታም ከሬዲዮኑ የሚወጣው ጩኸት መጠኑ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ተራው አድማጭ "ታፍኗል" ከማለት በቀር በምን ያህል ኃይል እንደታፈነ በጆሮው ሊያውቅ አይችልም።

ደህና የመገናኛ ሬዲዮኖች ግን አንዲት መርፌ አለቻቸው። ይህች መርፌ በአብዛኛው የምታሳየው ሌላ ነገር አይደለም፤ ማስተካከያው ማጉያውን ስንት እንደቀነሰው ነው። ብዙ ሲቀንስ መርፌዋ ወደ ላይ ትወጣለች፤ የመጣው ሲግናል ብርቱ ነበር ማለት ነው። ያው ማስተካከያ፣ ያው አሠራር ነው። ልዩነቱ አንደኛው ያደረገውን ይናገራል፣ ሌላው አይናገርም። የሚናገረው መለኪያ ሆነ፤ የማይናገረው ማዳመጫ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ ለዛሬም የሚሆን አንድ ምክር ይወጣል። በየትኛውም ዘመንና በየትኛውም አስተዳደር የሚደረግ አፈናን በማስረጃ ማስያዝ የሚፈልግ ሰው በስልኩ ማይክሮፎን የቀዳውን ድምፅ ብቻ ይዞ አይቅረብ። ያ ቅጂ አፈና መኖሩን ያሳያል እንጂ ልኩን አያሳይም፤ ስልኩ መጠኑን በየሰከንዱ ሲለዋውጥ ቆይቷልና። ማስተካከያው ተዘግቶ፣ የመርፌዋ ንባብም ከሰዓቱና ከቀኑ ጋር ተመዝግቦ የተቀዳ ድምፅ ግን ባለሙያ ፊት ሊቀርብ የሚችል ማስረጃ ነው።

ለኦሲሎስኮፕ የሚሆነው ትክክለኛው መንገድ

እንግዲህ ለሳውንድ ካርድ ኦሲሎስኮፕ የሚሆነው ማስተካከያ ሦስት ግዴታዎች አሉበት። በታወቁና በተቆጠሩ እርከኖች ብቻ ይንቀሳቀስ፤ እርከን በቀየረ ቁጥር ለፕሮግራሙ ይንገርና ፕሮግራሙ በመስታወቱ ላይ ይጻፈው፤ ተጠቃሚው "ቁም" ሲለው ይቁም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መለኪያነቱ ቀረ።

የሚያስደስተው፣ ለዚህ የሚሆነው ዕቃ የሚሸጠው እዚሁ ደጃችን ባለው ኩባንያ መሆኑ ነው። የኪልቢው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬም ዳላስ ነው። ይህ ኩባንያ ፒጂኤ113 የሚባል አንድ ትንሽ ማጉያ ቺፕ ይሸጣል። ማጉላቱን በትእዛዝ ይቀይራል፤ እርከኖቹም 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 50፣ 100 እና 200 እጥፍ ናቸው። ኦሲሎስኮፕ የነካ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ወዲያው ያውቃቸዋል፤ በየኦሲሎስኮፑ ማዞሪያ ላይ የተጻፈው የ1፣ 2፣ 5 ቅደም ተከተል ነው። ወንድሙ ፒጂኤ112 ደግሞ በ1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ እስከ 128 ይሄዳል።

አሠራሩን በቁጥር እንየው። ሽቦው ከሚነካው ቦታ ቀጥሎ 950 ኪሎ ኦምና 50 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ይቀመጣሉ። እነዚህ የገባውን ሁሉ ለ20 ያካፍሉታል። 20 ቮልት የገባ እንደሆነ 1 ቮልት ይሆናል፤ ቺፑ በ1 እጥፍ ያሳልፈዋል፣ ካርዱም በልኩ ይሞላል። የገባው 0.1 ቮልት ብቻ ከሆነ ደግሞ ከሬዚስተሮቹ በኋላ 5 ሚሊ ቮልት ይቀራል፤ ቺፑ 200 እጥፍ ሲያጎላው ተመልሶ 1 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ ከ0.1 እስከ 20 ቮልት ያለው ሁሉ በስምንት እርከኖች ተሸፈነ። ከሬዚስተሮቹ ኋላ ሁለት ተራ ዳዮዶች ከተጨመሩ፣ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣ ወደ ጎን ያስወጡታል። ቺፑም የሚሠራው ከዩኤስቢ በሚገኘው 5 ቮልት ስለሆነ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ወደ ካርዱ ሊልክ አይችልም፤ በመካከላቸው አንድ ካፓሲተርና አንድ ትንሽ ሬዚስተር ማኖር ግን ተገቢ ነው።

ውሳኔውን የሚሰጠው ፕሮግራሙ ነው። በየጊዜው የሞገዱን ጫፍ ይመለከታል። ጫፉ ከካርዱ አቅም 90 በመቶ ካለፈ ሳይጠብቅ ወዲያው አንድ እርከን ይቀንሳል። ጫፉ ከ30 በመቶ በታች ሆኖ ሁለት ሰከንድ ከቆየ ደግሞ አንድ እርከን ይጨምራል። ሲቀንስ ፈጣን፣ ሲጨምር ታጋሽ መሆኑን ልብ ይበሉ። መቀነስ ቢዘገይ ሞገዱ ይቆረጣል፤ መጨመር ቢፈጥን ግን መሣሪያው በየትንሿ ዝምታ ይደነብራል።

ለምን በትክክል 30 በመቶ? ከእርከን ወደ እርከን ያለው ትልቁ ዝላይ፣ ከ2 ወደ 5፣ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። 30 በመቶ የነበረው ሁለት ተኩል ጊዜ ሲያድግ 75 በመቶ ይሆናል፤ ከ90 በታች ነው፣ በሰላም ይቀመጣል። ገደቡ 40 በመቶ ቢሆን ኖሮ 40ው 100 ይሆንና ወዲያው ቀንስ ይባል ነበር፤ ከቀነሰ በኋላ ተመልሶ 40፣ ከዚያ ተመልሶ 100 እያለ ሲንገዋለል ይውላል። በብዙ ጀማሪ ሥራዎች ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ መነሻው ይኸው ነው።

ቀሪው ነገር ሐቀኝነት ነው። እርከኑ በተቀየረበት ቅጽበት የተለኩት ጥቂት ነጥቦች ግማሹ በአሮጌው፣ ግማሹ በአዲሱ ቁና የተሰፈሩ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ይጣላቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በእርከኑ እያካፈለ፣ በ20 እያባዛ፣ እውነተኛውን ቮልቴጅ በመስታወቱ ጥግ ላይ ይጻፍ። የካርዱ የራሱ ማስተካከያ ደግሞ የግድ መዘጋት አለበት። በዊንዶውስ የማይክሮፎን ማጉሊያውንና የድምፅ ማሻሻያ የተባሉትን ሁሉ ማጥፋት፣ በሊኑክስ ደግሞ በአልሳ ሚክሰር ውስጥ አውቶ ጌይን የሚለውን ፈልጎ መዝጋት ነው። ይህ ሳይደረግ ውጭ ላይ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከታመነው ሰፋሪ ኋላ ሌላ ሌባ ሰፋሪ ተቀምጧልና። በዚህ ረገድ ፒሲኤም2902 በተባለው የዚሁ ኩባንያ ቺፕ የተሠሩት ርካሽ የዩኤስቢ ካርዶች ተመራጭ ናቸው።

ሥራው ሲያልቅ መፈተን ቀላል ነው። መብራቱን ወደ 6 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር ከዝቅተኛው ወገን ይወሰዳል። በቴስተር ሲለካ ያነበበው ቁጥር በ1.414 ሲባዛ የሞገዱን ጫፍ ይሰጣል። የመስታወቱ ቁጥር ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። ቮልቴጁን በሬዚስተር እያካፈሉ በየእርከኑ ይህንኑ መድገም ነው። ቢገጥም፣ መሣሪያው ምስክር ሊሆን ደርሷል።

አንድ ማስጠንቀቂያ በትልቁ ይጻፍ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ቢባልም ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል። ይህ መሣሪያ ከግድግዳው መብራት ጋር፣ ወይም ከቴሌቪዥንና ከኮምፒዩተር ኃይል ሰጪ የመግቢያ ወገን ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም። የሳውንድ ካርዱ መሬት የኮምፒዩተሩ መሬት ነው፤ አደጋው ለኮምፒዩተሩ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ነው። ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪ ቢሠራ ይመረጣል።

ከኛ የሚጠበቀው

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ለምንኖር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሪቻርድሰን የቴሌኮም መንደር የሚባለው ቦታ ኤሌክትሮኒክስ የሚበላበትና የሚጠጣበት ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የዳላስ ቅርንጫፍ ራሱ መነሻው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሥራቾች በ1961 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የምርምር ማዕከል ነው። ለብዙ ዓመታት በዳላስ መሐል ከተማ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይቆም በነበረው የኤሌክትሮኒክስ የጎዳና ገበያ ስንቱ ስደተኛ ያገለገለ ዕቃ እየገዛ ሙያ ተማረ።

ፒጂኤ113 ቺፕ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ እጅግ ትንሽ ነው። አካሉ 3 ሚሊ ሜትር በ3 ሚሊ ሜትር ሆኖ አሥር እግሮች አሉት፤ በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። አገር ቤት ባለው ተራ መበየጃ ይህን መበየድ ለጀማሪ ይከብዳል። እዚህ ያለ፣ ማጉያ መነጽርና ደህና መበየጃ ያለው ሰው ግን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በርከት ያሉትን ትንንሽ ሰሌዳ ላይ በይዶ ሊልክ ይችላል። ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ትንሽ ኮምፒዩተርም ውድ አይደለም። ይኸው ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ላውንችፓድ የተባለውን የመለማመጃ ሰሌዳ ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 4 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነበር። ቺፑ ጨርሶ ባይገኝ እንኳ 4051 የተባለው አሮጌው ባለ 16 እግር መቀያየሪያ ከአንድ ተራ ማጉያና ከስምንት ሬዚስተሮች ጋር ሆኖ ስምንቱን እርከኖች ይሰጣል፤ እግሮቹም ለማንኛውም እጅ የሚመቹ ናቸው።

ከዕቃው ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የተጻፈ መመሪያ ነው። ዕቃ ልከን መመሪያ ካልላክን ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ያረጁ ኮምፒዩተሮችን በኮንቴነር እየላክን ፎቶግራፍ ከምንነሣ፣ ያ ኮምፒዩተር ምን መሥራት እንደሚችል አብረን ብንልክ ይሻላል። አንድ መምህር ይህን መሣሪያ ከነምክንያቱ ካወቀው፣ ቀጣዩን ራሱ ይሠራዋል፤ ተማሪዎቹም ከሱ የተሻለ ይሠራሉ።

እንዲያው ለነገሩ፣ ይህን ሁሉ ስንጽፍ አንባቢ ሌላም ነገር ወደ አእምሮው ሳይመጣበት አይቀርም። ቁጥር በሚሰጠን አካል ሁሉ ላይ ያው ሦስት ጥያቄ ይነሣል። በታወቀ ልክ ነው የምትሠራው? ልኩን ስትቀይር ትነግረናለህ? ቁም ስንልህ ትቆማለህ? በምርጫ ቆጠራም፣ በእህል ምርት ሪፖርትም፣ በኑሮ ውድነት ስሌትም እንዲሁ ነው። ይህን ጥያቄ በ15 ዓመቱ በኦሲሎስኮፕ ፊት ቆሞ የለመደ ልጅ፣ በ30 ዓመቱ ማንም ቁጥር ቢያነብበት "በስንት ቁና ሰፈርክ?" ማለቱ አይቀርም።

ቸር ይግጠመን!